የሐምራው ዘንግ

ጅዳ፣ እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1986

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለተጃኒ ሐሰቦ፤

የአላህ ሰላምና በረከት በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እኔም፣ ልጄ ኢሕሳንም፣ ልጆቿም ደኅና ነን፤ ምስጋና ለእርሱ ይድረሰው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ በመርከብ የመጣ አንድ የሀገራችን ሰው፣ በመስመራችን ላይ ያሉት ዘንጎች ከየጣቢያው ተሰብስበው ሣጥን ውስጥ ሊቆለፍባቸው መሆኑን፣ ይህንንም ሥራ የምትመራው አንተ መሆንህን ነገረኝ። ሰውየው ቀልድ ስለሚያበዛ አላመንኩትም። እውነት መሆን አለመሆኑን ከራስህ፣ በጽሑፍ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

እውነት ከሆነ ቆም ብለህ አስብ። የእኛ ሐዲድ አንድ ነው፤ የሚሄደውም የሚመጣውም በዚያው ላይ ነው። ነጂው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ወዳለው መንገድ የሚገባው የዚያን መንገድ የነሐስ ዘንግ በእጁ ጨብጦ ነው። ዘንጉ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ባቡሮች በዚያ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሊገናኙ አይችሉም። ይህንን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ አርባ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ የእንቅስቃሴ ደንቡን ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ የመለስኩትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ «አንድ ሐዲድ፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ባቡር» ይላል። በእነዚህ ስድስት ቃላት፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በእኔ ኃላፊነት ሥር አንድም ሰው አልሞተም።

አዲስ ደንብ ጽፈህ ከሆነ አንድ ቅጂ ላክልኝ። ደግሞም ባለፈው ዒድ የላክልኝ ካርድ ቀን አልተጻፈበትም። ቀን የሌለው ጽሑፍ የመነሻ ሰዓቱ እንዳልተመዘገበ ባቡር ነው፤ መድረሱን እንጂ መዘግየቱን ማወቅ አይቻልም።

አጎትህ፣
ሲር አልኻቲም ባቢክር


ዋናው ጣቢያ፣ ቅዳሜ፣ ማርች 1 ቀን 1986፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለአቶ ሲር አልኻቲም ባቢክር፤

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስዎ። እናቴ እጅዎን ትስማለች፤ ጉልበቷ በብርድ ቢያስቸግራትም እየተራመደች ነው። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም እንደጻፍኩ ልብ ይበሉልኝ።

የሰሙት እውነት ነው። ከሌላ ሰው አፍ በመስማትዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩባንያው ባለቤቶች ማዕድኑ ከተራራው ወደብ ለመድረስ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚፈጅበት ለኩ፤ በከባድ መኪና ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከአሥራ ዘጠኙ ሰባቱ የሚጠፋው ዘንግ ሲጠበቅ ነው። «እስከ ጁን 30 ካላሻሻላችሁ መስመሩ ይዘጋል» ብለው ጻፉልን። እርስዎ እንደሚያውቁት ማዕድኑ በምንም ይጓዛል። ከኡም ሻጀራ ጉድጓዶች ወደ ሐምራና ወደ ሌሎቹ አምስት መንደሮች በባቡር የሚሄደውን ውሃ ግን ማን በመኪና ያመላልሰዋል? ባለቤቶቹን ጠየቅኋቸው። «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ።

ስለዚህ ያቀድኩት ይህን ነው። አንድ ተቆጣጣሪ እዚህ ካርታ ፊት ይቀመጣል፤ ነጂዎቹን ሁሉ በሬዲዮ ያነጋግራል። «ግባ» ያለው ነጂ ቃሉን ይደግማል፣ በወረቀት ይጽፋል፣ ይሄዳል። ዘንግ አይጠበቅም።

ነጂዎቹን በመጠገኛው አዳራሽ ሰብስቤ አስረዳኋቸው። መጨረሻ ላይ ኦሼክ ተነሣ፤ ያው የሚያውቁት ኦሼክ ነው፣ ሚዶው አሁንም ከጸጉሩ አይወርድም።

«ባሽ ሙሐንዲስ፣» አለኝ በማዕረጌ፣ «በዚህ የሬዲዮ ሣጥን ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?»

«ተቆጣጣሪው ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ከዋና ከተማ የመጣ መሆኑን ነገርኩት።

«እንዲያማ ከሆነ ሐምራን በካርታ እንጂ በዓይኑ አላያትም። አየህ፣ ዘንግ ስይዝ ነሐሱ እጄን ያቃጥለኛል፤ መያዜን አውቃለሁ። ድምፅ ግን ምኑ ይጨበጣል? ሚስቴም ከግድግዳ ወዲያ ሆና ‹ግባ› ትለኛለች፤ ስገባ ወንድሞቿ ተደርድረው ይጠብቁኛል!»

ወጣቱ ደፈላ ከኋላ ጮኸ፤ እርሱ ሬዲዮውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወደደ ልጅ ነው። «አንተ ሽማግሌ፣ በቃ ዘንግህን ታቅፈህ ተቀበራ!»

«እቀበራለሁ። አንተን ግን ማን እንደሚቀብርህ በሬዲዮ ጠይቅ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ስብሰባው ግን በዚያው ፈረሰ። ሲወጣ ኦሼክ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አጎትህ ቢኖር ይህን ሣጥን የዶሮ ቤት ያደርገው ነበር» አለኝ።

አጎቴ፣ ስለዚህ ነው የምለምንዎ። እኔ አሥር ጊዜ ከምናገር እርስዎ አንድ ጊዜ ቢጽፉ ይሻላል። በአዳራሹ የማነብላቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይላኩልኝ። «ሞክሩት» ይበሏቸው፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

የአዲሱን ደንብ ቅጂ ልኬያለሁ። ዘንጎቹን በመዝገቡ መሠረት፣ በፊርማ ተረክቤያለሁ። ስምንት መሆን ሲገባቸው ያገኘሁት ሰባት ነው። የሐምራና የኡም ሻጀራ መንገድ ዘንግ በመዝገቡ ላይ «ጠፍቷል» ተብሎ ተጽፏል፤ የተጻፈውም እርስዎ ጡረታ በወጡበት ወር ነው። ምናልባት የሚያስታውሱት ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ፣
ተጃኒ


ጅዳ፣ እሑድ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1986

ለተጃኒ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። እናትህ ጉልበቷን በሰሊጥ ዘይት ትታሽ፤ ዘይቱ ሳይሞቅ አይጠቅምም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማርች 9 ነው። መልሱ የዘገየው ደንብህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ስላነበብኩ ነው። ሠላሳ አንድ ስሕተቶች አግኝቻለሁ፤ በቀይ ቀለም አርሜ መልሼልሃለሁ። በአንቀጽ አራት «ነጂው ፈቃድ ሲሰማ ይገባል» ብለሃል። ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? ባለቤት የሌለው ግሥ በሰዋስው ነውር ነው፤ በሐዲድ ላይ ግን ሬሳ ነው።

ስለጠየቅኸኝ ደብዳቤ፦ አልጽፍም። ያላመንኩበትን ነገር በፊርማዬ ማሳመን አልችልም። ኦሼክን በሃያ ሁለት ዓመቱ ከግመል አውርጄ የባቡር ሞተር ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ሞክረው» ብዬ ብጽፍለት ይሞክረዋል፤ ስለዚህም ነው የማልለው። ሰው በእጁ የያዘውን ስትቀማው በምትኩ የሚጨብጠውን ልታስይዘው ይገባል። አንተ ግን ነሐሱን ወስደህ ንፋስ ሰጠሃቸው።

ለውጥ አትሥራ አላልኩም። ባቡሩ በእንፋሎት ሲሄድ ጀመርኩ፤ በናፍጣ ሲሄድ ጨረስኩ። ያን ጊዜ ግን የጠየቀን ሰው ነበር።

የኦሼክ ልጅ እዚህ ወደብ ላይ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ዓርብ ዓርብ ይጠይቀኛል። የአባቱን ደኅንነት ከእርሱ እሰማለሁ። በሚቀጥለው ደብዳቤህ የየባቡሩን የመድረሻ ሰዓት ዝርዝር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሲር አልኻቲም


ዋናው ጣቢያ፣ እሑድ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1986፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እናቴ ዘይቱን አሙቃ ታሸች፤ «ሲር ሁልጊዜ ልክ ነው» ብላለች። እርማትዎንም ተቀብያለሁ፤ ሠላሳ አንዱም ትክክል ነው። አንቀጽ አራትን እንደገና ጽፌዋለሁ።

ስለጠፋው ዘንግ ምንም አልጻፉልኝም። እኔም ደግሜ አልጠይቅም።

የመድረሻ ሰዓቶቹን ዝርዝር ልኬያለሁ፤ አይተው ይፍረዱኝ። ሬዲዮው ከመጣ ወዲህ ጉዞው አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ሃያ ሦስት ሆኗል! አንድም ሰው «እንቢ» አላለኝም። «እሺ፣ ባሽ ሙሐንዲስ»፣ «በዓይኔ ላይ፣ ባሽ ሙሐንዲስ» ነው የሚሉኝ። የእሺታቸው ብዛት አስፈራኝ። ፈቃዱን በሬዲዮ ይቀበላሉ፣ ቃል በቃል ይደግማሉ፣ ከዚያ በየመታጠፊያው ቆመው ፊሽካ እየነፉ እንደ ኤሊ ይሄዳሉ። ተቆጣጣሪውን ደግሞ «ሙአዚኑ» ብለው ሰይመውታል፤ ይጣራል፣ የሚመጣ ግን የለም።

በሐምራው መንገድ ላይ ግን ከመዘግየት የከፋ ነገር አገኘሁ። ባለፈው ሰኞ ለማንም ሳልናገር በግመል ወጣሁ። ከመታጠፊያው አጠገብ አንድ ሰው ከኡም ሻጀራ ወደ ሐምራ በግመል ሲጋልብ አገኘሁት። ጭኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሸጉጧል።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አልኩት።

«የእናቴ ምርኩዝ ነው።»

«እናትህ የት ናት?»

«ሞታለች፣ አላህ ይማራት።»

ፈታሁት። ከግራር እንጨት የተጠረበ ዘንግ ነው፤ ቁመቱም፣ በላዩ የተቀረጸው «ሐምራ – ኡም ሻጀራ» የሚለው ጽሑፍም ልክ እንደ ነሐሱ ነው። የነሐሱ ከጠፋ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ እንጨት ሲሠሩ ኖረዋል። መዝገብ ላይ ስላልነበረ እኔም አልተረከብኩትም። አሁን በሬዲዮ «ገባሁ» ይሉና፣ እንጨቱ በግመል እስኪመለስላቸው ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆመው ይጠብቃሉ።

ከእንጨቱ ጋር አንድ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ስም የለበትም። አንቀጾቹ በቁጥር ተለይተዋል፤ ቀኑም፣ ዕለቱም ተጽፏል። «ድምፁ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ ማንም ሰው ያለ ዘንግ ወደ ሐምራ መንገድ አይግባ» ይላል። አጎቴ፣ በዚህ መስመር ላይ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አላውቅም። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።

እንጨቱንም ወረቀቱንም ለግመለኛው መለስኩለት። ለምን እንደመለስኩት እንጃ። ብቀማው ሌላ የሚጠርቡ መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ ያን ወረቀት ለዋና ሥራ አስኪያጁ ማሳየት ፈራሁ። ይህ ደካማነቴ ነው።

አጎቴ፣ ሁለት ወር ቀርቷል። ወረቀቱን የጻፈውን ሰው የሚያውቁት ከሆነ፣ አንድ ቃል ብቻ እንዲጽፍላቸው ይለምኑልኝ። አንድ መንገድ በሁለት አዛዥ አይመራም።

ተጃኒ


ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ እሑድ፣ ሜይ 25 ቀን 1986

አጎቴ፤

ለኤፕሪሉ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። ረመዳን ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰላምታውን በአግባቡ ባለማቅረቤ ይቅር ይበሉኝ።

ረቡዕ ዕለት ከደፈላ ጋር በባቡሩ ሞተር ላይ ነበርኩ። ተቆጣጣሪው ከሐምራ ተነሥተን እንድንገባ ፈቀደልን። ደፈላ ደገመ፣ ጻፈ፣ ሰዓቱን አስመዘገበ፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው። በዚያው ሰዓት ኦሼክ የውሃውን ባቡር ይዞ ኡም ሻጀራ ቆሞ ነበር። ተቆጣጣሪው «ቆይ» ሲለው ሬዲዮው ተንጫጫ። ኦሼክ አልሰማም፤ መልሶም አልጠየቀም። እንጨቱ በእጁ ነበራ! እርሱም በደንቡ መሠረት ገባ፤ በአሮጌው ደንብ።

መታጠፊያውን እንዳለፍን ፊት ለፊታችን አየነው። ደፈላ «ያ ረብ!» ብሎ ፍሬኑ ላይ ተንጠለጠለ። ኦሼክ ረዳቱን ገፍትሮ አስወረደው፤ ራሱ ግን አልወረደም። ስንቆም በመካከላችን የቀረው መሬት በእርምጃ ስልሳ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የኦሼክ ባቡር በድንገት ሲቆም ግን ከኋላው ያለው የውሃ ፉርጎ ሐዲዱን ስቶ ከሞተሩ ጋር ተጋጨ፤ የኦሼክን እግር በብረት መካከል አጣበቀው። ውሃው በሙሉ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ሐምራ በጾም ወር አራት ቀን ያለ ውሃ ከረመች፤ አንዲት አሮጊት ሞታለች። ዕድሜዋ ነው ይላሉ። እኔ ግን አላውቅም።

እግሩን ስናስለቅቅለት አልጮኸም። ደፈላ እያለቀሰ፣ «አባባ፣ ፈቃድ ነበረኝ፤ በአላህ ስም፣ ፈቃድ ነበረኝ» ይለዋል።

ኦሼክ ፈገግ አለ። «አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተ ድምፅ ነበረህ፤ እኔ ዘንግ ነበረኝ። ፍሬኑ ግን የአላህ ነበር።»

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ከእንግዲህ አይነዳም። ከእንጨቱ ጋር የተገኘውን ወረቀት ማን እንደጻፈለት መርማሪዎቹ ሦስት ጊዜ ጠየቁት። «መጻፍ አልችልም፤ ማንበብም አልችልም፤ ወረቀት ምን ሊያደርግልኝ?» ብሎ መለሰላቸው። እርስዎ ራስዎ እንዳስተማሩት አውቃለሁ፤ እርሱም ማወቄን ያውቃል።

ተቆጣጣሪው በማግሥቱ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወደ ከተማው ተመለሰ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ «ሠራተኞቹ አዲስ አሠራርን ለመቀበል የማይችሉ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከፈረምኩ እኔ ነጻ እወጣለሁ፤ መስመሩም ጁን 30 ይዘጋል። ካልፈረምኩ ባቡር ለአደጋ በማጋለጥ እከሰሳለሁ። አልፈረምኩም፤ እጄ ግን ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንሥቷል።

ከእንግዲህ ከእርስዎ የምለምነው ነገር የለም። እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ተጃኒ


ጅዳ፣ ማክሰኞ፣ ጁን 10 ቀን 1986

ይድረስ ለተጃኒ ሐሰቦ፣ የመስመሩ የለውጥ ሥራ ኃላፊ፤

የአላህ ሰላም ለአንተ፣ ምሕረቱም በሐምራ ለሞተችው እናት ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለመምከር አይደለም፤ ጥፋቴን ለማሳወቅና ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ደብዳቤህ በዒድ ዋዜማ ደረሰኝ። ኢሕሳን ልጆቹን አልብሳ እጄን ሊስሙ ስታመጣቸው እጄን ከለከልኳቸው።

የሐምራው ዘንግ እኔ ዘንድ ነው። በጥምጣሜ ተጠቅልሎ በሣጥኔ ሥር ተቀምጧል።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ሐምራ ላይ በግ አርደው ሸኙኝ። የመጣሁበት ባቡር ዘንግ በእጄ ነበር። ሰዉ ሲያቅፈኝ፣ ሲያለቅስ፣ ሳላስብ ከዕቃዬ ጋር ከተትኩት። ቤቴ ስደርስ አየሁት። በማግሥቱ ልመልሰው ነበር። ማግሥቱ ሣምንት ሆነ፤ ሣምንቱም ባሕር ተሻገረ። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ «ረስቼ ወሰድኩት» ብሎ መጻፍ አቃተኝ። ተጃኒ፣ በ1961 አንድ ነጂ ዘንግ ረስቶ ቤቱ ስላሳደረ በመላው ሠራተኛ ፊት አቁሜ ወቅሼዋለሁ፤ ለሦስት ወርም ከሞተር አውርጄዋለሁ። ያ ነጂ ኦሼክ ነበር። ዘንጉ እኔ ጋ መሆኑን የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው፤ ዕቃዬን የጫነልኝ እርሱ ነውና። አንድም ቀን አላነሣብኝም። መንገዱ እንዳይቆም እንጨቱን በራሱ እጅ ጠረበ፤ እኔንም ሸሸገኝ። አሁንም እግሩን ሰጥቶ ይሸሽገኛል።

ወረቀቱን የጻፍኩት፣ በኦሼክ ልጅ እጅ የላክሁትም እኔ ነኝ። ባለቤት የሌለው ግሥ ብዬ የዘለፍኩህ ሰው፣ ስሜን ሳልጽፍ ለሰዎች ትእዛዝ ሰጠሁ። «አንድ ሐዲድ፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ባቡር» ብዬ የጻፍኩት ሰው፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ፈቃድ አቆምኩ። የኤፕሪሉ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ማወቅህን አወቅሁ፤ አፍሬም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከዚያ እስከ አደጋው አሥራ ስድስት ቀን ፈጀ። በአሥራ ስድስቱ ቀን ውስጥ አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኦሼክ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር።

ነጂዎቹ ለውጥ አይቀበሉም የሚለውን ወረቀት አትፈርም፤ ሐሰት ነው። ለውጡን የጠላሁት እኔ ነኝ፤ የጠላሁትም መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ያለ እኔ ስለተደረገ ነው። እነርሱ የጠየቁህ አንድ ነገር ነው፤ ኦሼክ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠይቆሃል። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንተም ሳቅህ። እኔም ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወንበሩ ባዶ ነው፤ ኦሼክም ከእንግዲህ አይነዳም። ሐምራን በጨለማ፣ በአሸዋ ማዕበል፣ በፊሽካ ማሚቶ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ሬዲዮው ላይ አስቀምጠው። ድምፁን ከደፈላ እስከ ግመለኛው የማያውቀው የለም። ሰባቱንም ዘንጎች ከሣጥን አውጥተህ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ስቀላቸው፤ ስምንተኛውን እኔ አመጣለሁ። በደንብህም ላይ ይህን አንቀጽ ጨምር፦ «ተቆጣጣሪው የአንድን መንገድ ፈቃድ የሚሰጠው የዚያን መንገድ ዘንግ በእጁ ጨብጦ ብቻ ነው፤ ባቡሩ ከመንገዱ ወጥቶ ነጂው መድረሱን እስኪያስመዘግብ ድረስም ዘንጉን ወደ ቦታው አይመልስም።» ዘንጉ ስለማይጓዝ ባቡር አያስጠብቅም። ነጂው ግን «ግባ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ፣ ነሐሱ የኦሼክን እጅ እያቃጠለ መሆኑን ያውቃል። የእንጨቱን ዘንግ አንተ አትንካው፤ ኦሼክ በራሱ እጅ ይስበረው።

ኦሼክ እሺ ማለቱን አላውቅም። እግሩን ያሳጣሁት እኔ ነኝና፣ ፊቴን ማየት ባይፈልግ አልፈርድበትም። በሃያ ቀን ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዓትን ማሳጠር ይቻል እንደሆነም አላውቅም። ላይሆን ይችላል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ባሉት ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የማየው ሐዲዱን ሳይሆን የፈሰሰውን ውሃ ነው። ኢሕሳን እግሬ ላይ ወድቃ አልቅሳለች፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ስለሆነ ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ከእርሷና ከልጆቿ ጋር መለያየቴ ነው። ቢሆንም እመጣለሁ። ወረቀቱን እኔ መጻፌን ለመርማሪዎቹ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ዘንጉንም በነጂዎቹ ሁሉ ፊት፣ በ1961 ኦሼክን በወቀስኩበት በዚያው አዳራሽ ቆሜ እመልሳለሁ።

የምመጣው ግን አንተ ከፈቀድክልኝ ብቻ ነው። አንድ መንገድ በሁለት አዛዥ አይመራም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ የመስመሩ አዛዥ አንተ ነህ። መርከቡ የሚነሣው ቅዳሜ፣ ጁን 21 ነው። መልስህን በጽሑፍ፣ ቀን ጽፈህና ፈርመህ፣ እስከ ሐሙስ፣ ጁን 19 ድረስ ይህን ደብዳቤ ዛሬ በመርከብ ሰው እጅ በሚልክልኝ በኦሼክ ልጅ በኩል አድርስልኝ። «ግባ» ወይም «ቆይ» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል። እስከዚያ ድረስ ሣጥኔን አስሬ፣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዘንጉ በእጄ ነው፤ ፈቃድ ግን የለኝም።

አጎትህ፣
ሲር አልኻቲም ባቢክር